የማውቀው ድብ

ዛሬ የምጽፍላችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን እንደኔ የልጅ ልጅ የምትጠብቁ ብዙ ናችሁና ይጠቅማል ብዬ ነው።

በቅርቡ ሰንበት ከወጣ በኋላ ልጄና ባሏ ሠርግ ሄዱና የሰባት ዓመቱን የልጅ ልጄን እኔ ዘንድ ተዉት። "ሳብታ፣ ፊልም!" አለኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከተደረደሩት ሥዕሎች አንዱን አሳየኝ። አወቅሁት። ልጆቹ "ፑ ሀዶቭ" የሚሉት ማር ወዳዱ ድብ ነው። እናቱም ጋን ስትሄድ የሱ ሥዕል ያለበት ቦርሳ ነበራት። ሥዕሉ ጨለም ብሏል፤ እኔ ግን ዓይኔ ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔ ዕብራይስጥ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ። በ1991 ከመጣሁ ጀምሮ ብዙውን ነገር የምለየው በሥዕሉ ነው፤ የወተቱን ካርቶን፣ የሳሙናውን፣ የመድኃኒቱን ሳጥን ሳይቀር። "እሺ፣ እሱን እይ" አልኩትና ቡና ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ።

ጩኸት ሰምቼ ስመለስ ያ ድብ ሰው ይገድላል። ልጁ ትራስ አቅፎ ደርቋል። ቶሎ አጠፋሁት፤ ግን ሌሊቱን ሦስት ጊዜ እየባነነ እኔው ጎን አደረ። በማግስቱ ልጄ "እማዬ፣ እንዴት አላየሽም?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። አይቼ ነበር እኮ! ያየሁትን ነው ያመንኩት።

ነገሩ ሲከነክነኝ የወንድሜን ልጅ ጠየቅሁት። አንብቦ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ድቡን የፈጠረው ኤ. ኤ. ሚልን የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1926 ነው። ባለ ቀይ ሸሚዙን ድብ በፊልም ያሳየን ደግሞ ዲዝኒ ነው። በአሜሪካ ሕግ የዚያ ዘመን መጽሐፍ ለ95 ዓመት ባለቤት አለው፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ሰው ይሆናል። የዚህ መጽሐፍ ጊዜ በ2022 መጀመሪያ ላይ አበቃ። በ2023 እንግሊዞች በትንሽ ገንዘብ የሠሩት አስፈሪ ፊልም ሲኒማ ቤት ገባ፤ ሚሊዮኖችም አስገኘ። የዲዝኒን ድብ መልክ መቅዳት አይችሉም፤ የመጽሐፉን ድብ ግን ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም። ጓደኛው ነብር መጽሐፍ ውስጥ የገባው በ1928 ስለሆነ ጊዜው እስኪደርስ ጠብቀው በ2024 ሁለተኛው ፊልም ላይ ጨመሩት። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሚኪ ማውስም ነፃ ወጣ፤ እሱንም ወዲያው ገዳይ አደረጉት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1922 ጀርመኖች የድራኩላን ታሪክ ስም ለውጠው "ኖስፌራቱ" ብለው ያለ ፈቃድ ሠሩት። የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤትም ፊልሙ ይጥፋ ብሎ ፈረደ። ግን ጥቂት ቅጂ ተረፈና ዛሬ በዓለም የተከበረ ፊልም ሆኗል። በ2023 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ ማያሚ አካባቢ፣ አንድ አስተማሪ ይህንኑ የድብ ፊልም ለአራተኛ ክፍል ልጆች ከፍቶ ወላጆች ተቆጡ። ይሄን ስሰማ እፍረቴ ቀለል አለኝ። ለካስ ፊደል የቆጠረውም ይሸወዳል!

እኔ ታሪክ መለወጡን አልኮንንም። የኛ ጅብና የኛ ጦጣ የማን ናቸው? አንዱ መንደር ጦጣዋ ብልህ ናት፣ ሌላው ጋ ሌባ። እናቴ ራሷ ወንዝ ዳር እንዳንሄድ ስትፈልግ ጅቡን ታከፋው ነበር፤ ስናለቅስ ደግሞ መልሳ ታሞኘዋለች። ልዩነቱ እናቴ አጠገባችን ነበረች። ዓይናችንን እያየች ነው የምታወራው። ቴሌቪዥኑ የልጁን ዓይን አያይም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሥዕሉን ስላወቃችሁት ብቻ አትመኑ። ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ጋር ዕድሜ የሚናገር ቁጥር ይጻፋል፤ 16 ወይም 18 ካያችሁ ይለፋችሁ። ቁጥር ዕብራይስጥ አይጠይቅም። ቁጥሩ ካልታያችሁ ለወላጆቹ ደውሉ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ከሁሉ በላይ ግን መጀመሪያውን አብራችሁ ተቀመጡ። ቡናው ይቆያል።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ተውነውና "ተረት ተረት" አልኩት። ጅቡ ጋ ስደርስ አቋረጠኝ።

"ሳብታ፣ ያንቺ ጅብ ሰው ይገድላል?"

"ዛሬ አይገድልም" አልኩት። "ዛሬ አህያዋ ታታልለዋለች።"

ሳቀ፤ ሳይባንንም አደረ።

እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችኋል? ጻፉልን፣ እንማማር። ሰላም ቆዩኝ።