ገና በጥቅምት

የሾላ ገበያ ሰው በረዶ ሲባል የሚያውቀው አንዱን ነው፤ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደውን፣ ባለ ሽንኩርቷን ላስቲክ ፍለጋ የሚያሯሩጣትን። ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ጋቢ በሚያስመኝ ብርድ ተቀምጦ የሚያየው በረዶ መኖሩን የተረዳሁት ሮአኖክ ላይ ነው።

ሮአኖክ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ያለች የባቡር ከተማ ናት። የእኛ ሰው ከሚበዛበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ትርቃለች። «ጋሼ፣ ዛሬ የበረዶ ላይ ሆኪ ላሳይዎት» ብሎ የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከተማዋን ከላይ የሚጠብቃት ሚል ማውንቴን የሚሉት ተራራ አለ። አናቱ ላይ 27 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ባለ መብራት ኮከብ ቆሟል። በ1949 እ.ኤ.አ. ለገና ገበያ ማድመቂያ ተሠራ፤ በዓሉ አለፈ፣ ኮከቡ ቀረ። እንጦጦ ትዝ አለኝ፤ ባሕር ዛፍ ብቻ ጎደለው።

የከተማዋ ቡድን ሬይል ያርድ ዶግስ ይባላል፣ «የባቡር ግቢ ውሾች» እንደ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ሰውን ውሻ ብትሉ ሽማግሌ ያስፈልጋችኋል፤ እዚህ አያት ከነልጅ ልጃቸው የውሻ ሥዕል ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይጮኻሉ።

ተጫዋቾቹ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ለስድስት ናቸው። ጫማቸው ሥር ቢላ የመሰለ ብረት፣ እጃቸው ላይ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ። ዱላውን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ፤ «ይሄማ ገና ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። የእኛው ገና፣ የካ ሚካኤል አካባቢ በልጅነታችን የተራገጥንበት፣ ግራ ቅልጥሜ ላይ ጠባሳውን የተወልኝ! ልዩነቱ ጥንጓ ላይ ነው። የእኛዋ ከእንጨት ሥር የተጠረበች ድቡልቡል ስትሆን የእነሱ «ፓክ» ጠፍጣፋ ጎማ ናት፣ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን። እንዳትነጥር ብለው ከጨዋታው በፊት ያቀዘቅዟታል። ሲለጓት ደግሞ ዓይን አይከተላትም፤ እኔ ጎል መግባቱን ያወቅሁት በሕዝቡ ጩኸት ነው።

ከዚያ ሁለቱ ጓንታቸውን ጥለው ተያያዙ። «ኧረ ገላግሏቸው!» ብዬ ተነሣሁ፤ ዳኞቹ ግን ቆመው ያያሉ፣ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ያጨበጭባሉ። አንዱ ሲወድቅ ነው የተገላገሉት። ቅጣቱም ለየራሳቸው አምስት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ! በእኛም በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም፤ እዚህ ግን ቁጣውንም በሰዓት ይለኩታል።

በዕረፍቱ ፈንዲሻ ገዛን። ቡና ያልተፈላበት ፈንዲሻ እንዴት እንደሚበላ እንጃ። ላዩ ላይ ቢጫ ፈሳሽ አፈሰሱበትና «ቅቤ» አሉኝ። ከሾላ የመጣን ሰው በቅቤ? የእኛ ባለ ቅቤዎች ለጋውን ከበሳሉ በማሽተት ብቻ ይለያሉ፤ ይሄን ቢያሸቱት የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ያን ጊዜ ነው አጠገባችን የነበሩ፣ ማልያቸው የነተበ ሽማግሌ ወሬ የጀመሩት። የእህቴ ልጅ ያስተረጉማል። ማልያው የቨርጂኒያ ላንሰርስ ነበር፣ እዚሁ ጎረቤት ቪንተን የምትባል ከተማ ይጫወት የነበረ ቡድን። በ1988 እ.ኤ.አ. ኢስት ኮስት ሆኪ ሊግ ሲመሠረት የነበሩት አምስት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ላንሰርስ፣ ካሮላይና ተንደርበርድስ፣ ኢሪ ፓንተርስ፣ ኖክስቪል ቼሮኪስና ጆንስታውን ቺፍስ። አምስት! በእኛ አገር በአምስት ሰው ዕድር እንኳ አይቆምም። በአራት ክፍላተ ሀገር ተበታትነው፣ አንዱ ወደ ሌላው ሌሊት በአውቶቡስ እየሄደ፣ እነዚያው አምስቱ ክረምቱን ሙሉ ሲገጣጠሙ ከረሙ። እንዲህ ሲገናኝ የሚከርም ሰው ሳይጣላ ይቀራል? የጓንቱ ነገር ያኔ ገባኝ።

ቺፍስ ስሙን ያገኘው ከፊልም ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ «ስላፕ ሾት» የተባለ፣ ስለ አንድ የከሰረ የሆኪ ቡድን የሚያሳቅቅም የሚያስቅም ፊልም በዚያችው በጆንስታውን ነበር የተቀረጸው፤ የፊልሙ ቡድን ቺፍስ ስለነበር እውነተኛውም ቺፍስ ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ የደረሱት ይኸው ቺፍስና ተንደርበርድስ ነበሩ፤ ሰባት ጨዋታ ተፋጠው ዋንጫውን ተንደርበርድስ ወሰደ። ለጋ ሊግ ነበር ያኔ፤ ዛሬ ቡድኖቹ ወደ 30 ደርሰዋል።

«የእናንተስ አዳራሽ?» አልኳቸው ሽማግሌውን። በመጋቢት 1993 እ.ኤ.አ. ከባድ በረዶ ጥሎ ጣሪያው ተደረመሰ። ውስጡ በረዶ የሚያስቀምጥ ቤት፣ በበረዶ ፈረሰ! ሳቄን ይዤ አቀረቀርኩ፤ እሳቸው ግን ቀድመውኝ ሳቁ።

እኛ ገናን በዓመት አንዴ ተለጋግተን፣ ጠላችንን ጠጥተን እንበተናለን። እነዚህ ልጆች ከጥቅምት እስከ ፋሲካ አካባቢ ለአነስተኛ ደሞዝ ይለጋሉ፤ አንድ ቀን ትልቁ ሊግ ይጠራናል ብለው። ስንወጣ የእህቴ ልጅ አንድ ዱላ ገዛልኝ። ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጄ ነው የምይዘው። ቦሌ ላይ ጉምሩኩ «ምንድን ነው ይሄ አባቴ?» ሲለኝ «ገና ነው» እላለሁ። «ምኑ ነው ገና?» እንደሚለኝ ግን ከአሁኑ አውቀዋለሁ።