ሞተር ብቻውን አይሮጥም

ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ በጋራ ሲይዙ፥ ሥራው የቀና እንደሆነ ምስጋናውን ለመቀበል ሁለቱም ይሽቀዳደማሉ፤ የጠመመ እንደሆነ ግን ጥፋቱ ዘወትር የዚያኛው ነው። ይህ ጠባይ ከአዳም ጀምሮ የነበረ ስለሆነ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው ከሌላው ሰው ይልቅ ዐዋቂዎች ሆነን ሳይሆን፥ በዚሁ በባቱ ከተማ፥ በሐይቁ ዳር፥ ራሳችን ወድቀን ስላየነው ነው።

ብዙ ሰው ዛሬም ዝዋይ እያለ የሚጠራት ባቱ ኑሮዋ ከሐይቁ ጋር የተሳሰረ ነው። በዳርቻው ቲማቲሙን፥ ሽንኩርቱንና ጥቅል ጎመኑን የሚያጠጣው በናፍጣ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ነገር ግን መሬት ያለው ሁሉ ሞተር የለውም፤ ሞተር ያለውም ሁሉ መሬት የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ተዋውለው ያርሱና ምርቱን እኩል ይካፈላሉ።

እኛም ሁለት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፥ በ2010 ዓ.ም. ደመወዛችን ከወር ወር አላደርስ ቢለን፥ ጥቂት መሬት ተከራይተን ከአንድ ባለሞተር ጋር ተዋዋልን። መሬቱ፥ ችግኙና ጉልበቱ ከእኛ፥ ሞተሩና ቱቦው ከእርሳቸው፥ ናፍጣው ከሁላችንም ሆነ። ሰውየው በዕድሜ የሚበልጡን፥ ጋሼ እያልን የምናከብራቸው፥ ልጆቻችንን እየባረኩ የሚያልፉ ጎረቤት ነበሩ።

ሞተሩ የት ይተከል ሲባል ጋሼ «ወደ ውሃው ወርዶ ይተከል» አሉ። እኛ ግን እዚያ ታች ሌሊት ይሰረቃል፥ ዘበኛ መቅጠርም ወጪ ነው ብለን፥ ከፍ ብሎ ከማሳው ራስ ላይ እንዲቆም አጥብቀን ያዝን። እርሳቸውም «እንግዲህ እንደ ፈቃዳችሁ» አሉን። በመጀመሪያ ውሃው በደኅና ወጣ። በየካቲት ግን ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ ውሃው ቀጠነ፤ ቲማቲሙ አበባ በያዘበት ሳምንት ሞተሩ ጮኾ ጮኾ ጠብታ ብቻ የሚተፋ ሆነ። ጋሼ ፋኖስ ይዘው ሌሊት ሲፈቱና ሲያስሩ አደሩ፤ አልሆነም። አበባውም ረገፈ።

በዚያ ሰሞን ከባልንጀሮቻችን ጋር በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠን «የሰውየውን ሞተር ቁራሌው እንኳ አይገዛውም» ብለን ተሳለቅን። ጋሼ ለካ ከኋላችን ተቀምጠው ኖረዋል። አንድ ቃል ሳይናገሩ የቡናቸውን ሒሳብ ከፍለው ወጡ፤ በማግሥቱም ሞተራቸውን በጋሪ አስጭነው ወሰዱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው ይህ ነው።

ኪሳራችንን የተመለከተ፥ የመኪና ውድድር ወዳጅ የሆነ አንድ የቢሮ ባልደረባችን፥ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ወዳለበት ሆቴል ወስዶን የፎርሙላ ዋንን ነገር አጫወተን። ዓመቶቹ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን። የእንግሊዙ ማክላረን መኪና ሠሪ፥ የጃፓኑ ሆንዳ ሞተር አቅራቢ ሆነው በ1988 ቢተባበሩ፥ በአይርተን ሴናና በአሌን ፕሮስት ነጂነት ከ16 ውድድር 15ቱን አሸነፉ። እስከ 1991ም በተከታታይ አራት ዓመት የነጂዎችም የሠሪዎችም ሻምፒዮና የእነርሱ ሆነ። በ1992 መጨረሻ ተለያዩ።

በ2015 ያንኑ ክብር ለመመለስ ዳግመኛ ሲጣመሩ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ባለ 1.6 ሊትሩ አዲሱ ሞተር፥ የፍሬኑንና የጭሱን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ እጅግ የረቀቀ መሣሪያ ነበር፤ ሆንዳም ወደ ውድድሩ የገባው ሌሎቹ በ2014 ከጀመሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ማክላረን የመኪናው የኋላ አካል ቀጭን እንዲሆን ስለፈለገ፥ ሞተሩ በጠባብ ስፍራ እንዲታጨቅ ሆነ፤ የአየር መጭመቂያው ሳይቀር ከሲሊንደሮቹ መካከል ተሸጎጠ። ሞተሩ ኃይል አነሰው፥ ደጋግሞም ተሰበረ። በዚያ ዓመት ከ10 ቡድኖች 9ኛ ወጡ። ነጂው ፈርናንዶ አሎንሶ የሆንዳ ንብረት በሆነው በሱዙካ ሜዳ፥ በጃፓኖቹ ፊት፥ ሞተሩ የበታች ውድድር ሞተር ነው ሲል ዓለም ሁሉ በሬድዮ ሰማው። በ2017ም እንደገና 9ኛ ሆኑና መለያየታቸው በመስከረም ተነገረ።

እኛ ይህን ስንሰማ ደስ አለን። ሰው ጥፋቱን የሚሸፍንለት ምሳሌ ሲያገኝ ደስ ይለዋልና፥ «አየህ! ባለ ሥልጣኔዎቹም በሞተር ምክንያት ተበደሉ» ተባባልን።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ከሌላ ሰው አዲስ ሞተር ተከራይተን በዚያው ስፍራ ብንተክለው፥ እርሱም ጮኾ ጮኾ ጠብታ ተፋ። የጠራነው መካኒክ ሞተሩን ሳይነካ ቁልቁል ወደ ውሃው ተመለከተና ሳቀ። ነገሩንም አስረዳን፤ ፓምፕ ውሃን ወደ ራሱ የሚያነሣው በውሃው ላይ የተጫነው የአየር ግፊት ሲረዳው ነው። ይህም ግፊት በባሕር ወለል እንኳ ከ10 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ በሆነችው በባቱ ደግሞ ይቀንሳል። በቱቦው መጋጠሚያ ጥቂት አየር ከገባበት ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ መሳብ ጭንቅ ነው። «ወደ ታች አውርዳችሁ ብትተክሉት ኖሮ ሽቅብ መግፋቱ አያቅተውም ነበር» አለን። ጋሼ ያሉት ይህንኑ ነበር።

ማክላረንም በ2018 የሬኖን ሞተር ቢገጥም እጁ ላይ አንድ ዋንጫ አልገባም። በዚያው ዓመት ያንኑ የሬኖ ሞተር የገጠመው ሬድ ቡል ግን አራት ውድድር አሸነፈ። እንግዲህ የማክላረን አካልም ሕመም ኖሮበታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሞተሩ ስም ተሸፍኖ ነበር። የተናቀው ሆንዳ ደግሞ በ2018 አነስተኛ ከሆነው ከቶሮ ሮሶ ጋር በትዕግሥት ሠርቶ፥ በ2019 ከሬድ ቡል ጋር በኦስትሪያ አሸነፈ፤ በ2021ም ማክስ ቬርስታፐን በሆንዳ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እኛም በዚያ ሰሞን ወደ መቂ ስንሄድ፥ ከመንገዱ ዳር የጋሼ ሞተር በሌላ ገበሬ ማሳ ላይ ውሃውን እንደ ጅረት ሲያፈስ አየነው። መኪናው ውስጥ ሆነን አንገታችንን ደፋን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ለካ እንዲህ ነው።

ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ከደጃቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ጋሼም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ሞተሩን መስደባችሁ አላሳዘነኝም፤ ብረት ስድብ አይሰማም። ሌሊቱን ከእናንተ ጋር ውሃ ስጠብቅ ማደሬን ነው የረሳችሁት» አሉን። ይቅርም አሉን፤ ዛሬ ልጆቻችንን እንደ ቀድሞው ይባርካሉ። ሞተሩን ግን አልመለሱልንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም። በሚቀጥለው ዓመት በኪራይ ሞተር ጀመርን፤ ከውሃው አጠገብ ተከልነው፥ ዘበኛም ቀጠርን። ሀብታሞች ባንሆንም ኪሳራችንን መለስን። ማክላረንም መኪናውን አስተካክሎ፥ የመርሴዲስን ሞተር ገጥሞ፥ በ2024 የሠሪዎችን ሻምፒዮና ለማግኘት በቅቷል።

በየቢሮው፥ በየቤቱና በየማሳው አብሮ የሚሠራ ሁሉ የአንዱ ሞተር የሌላው አካል ነው። ስለዚህ ሥራው አልንቀሳቀስ ባለ ጊዜ «ሞተሩ ነው» ከማለታችን በፊት፥ ሞተሩን የት እንደተከልነው ወርደን ብንመለከት መልካም ነው። ይህን ቀድመን አድርገን ቢሆን ኖሮ፥ የዚያ ዓመት አበባ ባልረገፈ ነበር።