ጎጆውን ያፈረሰው ወፍ

ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ተኳርፈው ያውቃሉ? እኔና ባለቤቴ በወጥ ቤት ምክንያት ሁለት ሳምንት ተኳርፈን ነበር። ሳላማክራት ሠራሁት፤ እርሷም "ጭሱ በሙሉ ወደ መኝታ ቤት ይገባል" አለች። "ለፍቼ ሠርቼ ምስጋና የለም!" ብዬ ወጣሁ።

በአዊ ዞን፣ ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ጨፌ ዳር ተቀመጥኩ። ወቅቱ ክረምት ነው። ከውኃው በላይ በተንጠለጠሉት ቅርንጫፎች ላይ ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ቢጫ የሆኑ ሸማኔ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። ወንዱ እርጥብ ሣር በምንቃሩ እየሰነጠቀ ይሸምናል፤ ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እርሷ ገብታ ትመረምራለች። ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ ሣርና በላባ ትጎዘጉዛለች። ሣሩ ደርቆ እስኪገረጣ ድረስ የምትቀበለው ካጣ ግን ራሱ ያፈርሰውና በአዲስ እርጥብ ሣር እንደገና ይጀምራል።

ይህ ወፍ ብዙ ሚስት ስለሚያገባ በሁሉ ነገር አርአያችን አይደለም። ነገር ግን ወፎችን እንድንመለከት ያስተማረን ጌታ (ማቴ. 6፥26) ያን ቀን በእርሱ ገሠጸኝ። ለካ እኔ የወደድኩት ባለቤቴን ሳይሆን የእጄን ሥራ ነበር!

ማታ "ይቅር በይኝ፤ በሩን በየት በኩል እናድርገው?" አልኳት። አልቅሰን አብረን ጸለይን። በማግስቱ ግድግዳውን አፍርሼ እርሷ ባለችው በኩል በር አወጣሁ።

እርስዎስ፣ ለትዳርዎ ሰላም ሲሉ ዛሬ ማፍረስ ያለብዎት ምን ይሆን? ጌታ ቤትዎን ይባርክ።