ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ

የሰው ልጅ ከአካሉ ሁሉ አብልጦ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ዓይኑ ያየውን «እውነት ነው» ይላል፤ እጁም ዓይኑ ባዘዘው ቅጽበት የታዘዘ ይመስለዋል። በዓይንና በእጅ መካከል የቴሌቪዥን መስኮት በገባ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። መስኮቱ የሚያሳየን ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነውን ነው፤ የሚሮጠውንም ነገር አደብዝዞ ያሳየናል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብኩት ይህ መዘግየትና ይህ ድብዛዜ ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚቀነስ ነው።

ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ «ደግሞ ስለ ጨዋታ በትምህርት ቤት መጽሔት ይጻፋልን?» ሳይሉ አይቀሩም። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን መምህራኖቻችን ስለ ብርሃንና ስለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ የሚያስተምሩን ትምህርት፥ ከትምህርት ቤት ቅጥር ውጭ በሥራ ላይ ሲውል ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ስለ ሆነ፥ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በእኛ ቤት ደግሞ ነገሩ የጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የጣራ ቆርቆሮ ጉዳይ ነበረ።

ታላቅ ወንድሜ በሲቀላ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ሁለት ቴሌቪዥን ከነፕሌይስቴሽናቸው፥ አንድም ኮምፒዩተር አስቀምጦ የእግር ኳስ ጨዋታ ያጫውታል። ደንቡ ሁላችሁም እንደምታውቁት «ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። እናታችን በገበያ ሙዝ ትሸጣለች። ቤታችን የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ከሴቻ ይመጡ የነበሩት ልጆች ወደ ወንድሜ ቤት መምጣታቸውን ቀነሱ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፥ «እዚያ ቤት ቍልፉን ስንጫን ተጫዋቹ ይዘገያል፤ ሁልጊዜ ተሸንፈን እንከፍላለን» አሉ። የሲቀላ ልጆች ደግሞ «ምንም የሚዘገይ ነገር የለም፤ ሽንፈታቸውን ለመሸፈን ነው» ብለው ሣቁባቸው። አንድ ቀንም በዚሁ ምክንያት ሁለት ጓደኛሞች ተጣልተው አንደኛው ሳይከፍል ወጥቶ ሄደ።

ወንድሜ እጅግ ተጨንቆ ቴሌቪዥኖቹን ሸጦ አዳዲስ ለመግዛት ቈረጠ። ለዚህም የሚሆነው ገንዘብ እናታችን ከዕቁብ ያወጣችው ብር ነበረ። ያ ብር ደግሞ ከሚያዝያ ዝናብ በፊት ያረጀውን የቤታችንን ጣራ ለማስለወጥ የተቀመጠ ነው። እናታችን ነገሩን ሰምታ ብዙ አልተናገረችም። «ልጆቼ፥ ያላችሁን ዕቃ ሳታውቁት ሌላ ዕቃ አትግዙ። መጀመሪያ መዘግየቱን አሳዩኝ፤ ካየሁት ብሩን እሰጣለሁ» አለች። እኔም የማሳየቱን ሥራ ተቀበልኩ።

መዘግየትን በግምት መለካት አይቻልም። ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ራሱ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ አንድ ሚሊ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ነገር ግን በዛሬ ጊዜ ብዙ ስልኮች በአንድ ሰከንድ 240 ሥዕል የሚያነሣ የዝግታ ቪዲዮ አላቸው። ይህም ከአንዱ ሥዕል እስከ ተከታዩ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። የአጎቴን ስልክ ተውሼ የወንድሜን ጣትና የቴሌቪዥኑን መስኮት በአንድነት ቀረጽኩ። ከዚያም ጣቱ ቍልፉን ከተጫነበት ሥዕል ጀምሮ ተጫዋቹ እግሩን እስካነሣበት ሥዕል ድረስ አንድ በአንድ ቈጠርኩ። አሥር ጊዜ ደጋግሜ አማካዩን ሳወጣ 38 ሥዕል፥ ማለት 158 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሆነ።

ይህ ሁሉ የቴሌቪዥኑ ጥፋት አይደለም። መጫወቻው ራሱ ትእዛዙን ተቀብሎ ሥዕሉን እስኪሠራ ጊዜ ይወስዳል። የቀረው ጊዜ ግን በቴሌቪዥኑ ውስጥ ይባክናል። የዛሬ ቴሌቪዥን የመጣለትን ሥዕል እንዳለ አያሳይምና። ቀለሙን ያሳምራል፤ ጠርዙን ያጠራል፤ በሁለት ሥዕሎች መካከልም የራሱን ሥዕል ፈጥሮ ያስገባል። የመካከሉን ሥዕል ለመፍጠር ደግሞ ተከታዩ ሥዕል እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ይህ ለፊልም ተመልካች ጕዳት የለውም፤ ፊልም የሚያይ ሰው ቍልፍ አይጫንም። ለተጫዋች ግን ትልቅ እንቅፋት ነው። ስለዚህም ፋብሪካዎቹ ይህን ሁሉ ማሳመር የሚያቋርጥ «ጌም ሞድ» የሚባል ምርጫ በቴሌቪዥኑ ማውጫ ውስጥ አስቀምጠዋል። ይህን ምርጫ ፈልጌ አበራሁትና እንደ ገና ቈጠርኩ። 38 የነበረው 22 ሆነ። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ 67 ሚሊ ሰከንድ ያህል ተረፈ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ በብዙ ቴሌቪዥኖች ይህ ምርጫ ለየመሰኪያው ለብቻው የሚቀመጥ መሆኑ ነው፤ ገመዱ ወደ ሌላ መሰኪያ ከተዛወረ ምርጫውን እንደ ገና ማብራት ያስፈልጋል።

ሁለቱን ቪዲዮዎች ለእናቴ አሳየኋት። እርስዋም በጋሞኛ እየቈጠረች ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሳለፈች። ስትጨርስም ወንድሜን ቀና ብላ አይታ፥ «እነዚያ ልጆች እውነታቸውን ነበር» አለችው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሁለቱ ተጫዋቾች የሚጫወቱት በአንድ ቴሌቪዥን ከሆነ መዘግየቱ ለሁለቱም እኩል ነው። ታዲያ የሴቻው ልጅ ብቻ ስለ ምን ይበደላል? እኔም ይህን ብዙ ጊዜ አሰላስዬ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። በዚያ ቤት በየቀኑ የሚጫወተው ልጅ መዘግየቱን ሳያውቀው ለምዶታል፤ ኳሷ ሳትደርስ አስቀድሞ ይጫናል። እንግዳው ግን ኳሷ ስትደርስ ይጫናል፤ በዚያም ምክንያት ይሸነፋል። የለመደው ሰው ዘንድ ጕድለቱ ጕድለት መምሰሉ ይቀራል፤ እንግዳው ሲናገርም ሰበብ ያበዛ ይመስለዋል። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነን ቴሌቪዥኖቹ ከተስተካከሉ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል የሲቀላ ልጆች ራሳቸው እየተሸነፉ፥ «ይህ ቴሌቪዥን ምን ነካው? ከእጃችን ቀደመ» እያሉ ያማርሩ ጀመር።

ሁለተኛው ጉዳይ ድብዛዜ ነው። የኮምፒዩተሩን መስኮት ወንድሜ ከመርካቶ ያገለገለ ገዝቶ ያመጣው ሲሆን፥ ሥዕሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ማደስ የሚችል ነው። ሆኖም ኳስ ስትሮጥ ጅራት ያላት ትመስል ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት በአባያ ሐይቅ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈውን ወፍ እንመልከት። ወፉ ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ ዓይናችንም ሳያቋርጥ ይከተለዋል። ሁለቱ አብረው ስለሚጓዙ ወፉ ጥርት ብሎ ይታያል። በመስኮት ላይ ያለችው ኳስ ግን በእውነቱ አትሮጥም። በአንድ ቦታ ቆማ ትታያለች፤ ከዚያም ዘልላ በሚቀጥለው ቦታ ትቆማለች። ዓይናችን ግን የምትሮጥ መስሎት ጕዞውን አያቋርጥም። ኳሷ ቆማ ዓይን ሲጓዝ፥ ምስሏ በዓይናችን ውስጥ እንዳልደረቀ ቀለም ይጐተታል። ድብዛዜ የምንለው ይህን ነው።

መጠኑንም በሒሳብ ማግኘት ይቻላል። የመስኮቱ ወርድ 1920 ነጥብ ቢሆንና ኳሷ በሁለት ሰከንድ ብታቋርጠው፥ ፍጥነቷ በሰከንድ 960 ነጥብ ነው። መስኮቱ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ እያንዳንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆማል፤ ድብዛዜውም 16 ነጥብ ይሆናል። በ120 ቢታደስ 8 ነጥብ፥ በ144 ቢታደስ ደግሞ 7 ነጥብ ያህል ይሆናል። የወንድሜ መስኮት 144 የሚችል ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ ላይ የተመረጠው ቍጥር ግን 60 ነበረ። ያንን ብቻ በመለወጥ ጅራቱ ከግማሽ በላይ አጠረ።

ከዚህም በኋላ የቀረ ጥላ ነበረ። ይህ የሚመጣው ነጥቦቹ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ለመለወጥ ስለሚዘገዩ ነው። ለዚህ «ኦቨርድራይቭ» የሚባል ማፍጠኛ አለ፤ ነጥቡን ከሚያስፈልገው በላይ ገፍቶ ቶሎ እንዲለወጥ ያደርገዋል። ወደ ከፍተኛው ባደረግሁት ጊዜ ጥቁሩ ጥላ ጠፍቶ በምትኩ የሚያበራ ነጭ ጅራት መጣ፤ ነጥቡ ከልክ አልፎ ሄዷልና። በመካከለኛው ላይ ሳቆመው ሁለቱም ተዉን። ከልክ ያለፈ መድኃኒት ራሱ በሽታ እንደሚሆን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ወላጆቻችን የሚያስታውሱት ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ይህን የመጐተት ችግር አያውቀውም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሥዕሉ የሚታየው በዚያ ዓይነት መስኮት ነበረ። በቱቦው ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ለአጭር ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጨልማል፤ በጨለማው ጊዜ ዓይን ቢጓዝም የሚጐተት ምስል የለም። የዛሬዎቹ መሐንዲሶችም ይህንኑ አሮጌ ብልሃት መልሰው አመጡት። ከመስኮቱ በስተ ጀርባ ያለውን መብራት ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ አድርገው ያጠፉታል። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በ2006 ዓ.ም. ጂ-ሲንክን ሲያስተዋውቅ «ዩ.ኤል.ኤም.ቢ.» ብሎ ያቀረበው ይህንን ነው፤ ስሙ በየፋብሪካው ይለያያል። ብልጭታው የአንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲሆን፥ ያ 16 ነጥብ የነበረው ድብዛዜ ወደ አንድ ነጥብ ገደማ ይወርዳል።

ይህ ጥቅም ግን በነጻ የሚገኝ አይደለም። አንደኛ፥ መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚቆይ መስኮቱ ይጨልማል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ በቀን በር ዘግቶ መጫወት አይቻልም፤ በሩ ሲከፈት ፀሐይ ይገባል፥ ሥዕሉም አይታይም። ሁለተኛ፥ ኮምፒዩተሩ ከብልጭታው እኩል ሥዕል ማቅረብ አለበት። በ120 ብልጭታ 60 ሥዕል ብቻ ከቀረበ፥ እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ስለሚበራ አንዷ ኳስ ሁለት ሆና ትታያለች። ስለዚህ የሣሩንና የጥላውን ጌጥ ቀንሼ ኮምፒዩተሩ 120ውን ሳያቋርጥ እንዲያቀርብ አደረግሁ። ሦስተኛ፥ ብልጭታው አንዳንድ ሰዎችን ራስ ያሳምማል፤ ብልጭ በሚል ብርሃን ምክንያት የሚጥል በሽታ የሚነሣባቸው ሰዎችም ፈጽሞ ሊርቁት ይገባል። አራተኛ፥ ሥዕል ከሥዕል ጋር ተቀዶ እንዳይታይ የሚያስጠብቀው «ቪ-ሲንክ» ሲጨመርበት ጥራቱ ያምራል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ተራውን እየጠበቀ ስለሚወጣ እንደ ገና መዘግየት ይመጣል።

በመጨረሻ ከወንድሜ ጋር ተመካክረን ይህን ወሰንን። በቀንና በክፍያ ግጥሚያ ጊዜ ብልጭታውም ቪ-ሲንኩም ይጠፋሉ፤ መስኮቱም በ144 ይሠራል፤ ከውበት ይልቅ ለሁለቱም ተጫዋቾች ፍጥነት ይቀድማልና። ማታ፥ ጥራት የሚወድ ሰው ሲመጣ፥ ዓይኑን የማያመው መሆኑ ተጠይቆ ብልጭታው ይበራለታል። በበሩም ላይ «መዘግየት የተሰማው እንግዳ ከመጫወቱ በፊት ይናገር፤ ይለካለታል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከሴቻ ልጆች ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ሳይከፍል የሄደውም ልጅ መጥቶ ሒሳቡን ሊከፍል ሲል፥ ወንድሜ «ያ ቀን ለሁላችን ይቅር» ብሎ ከጓደኛው ጋር አስታረቃቸው። ጣራችንም ከሚያዝያ በፊት ተለወጠ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፥ ዕቃ ደከመ ተብሎ ወደ ገበያ ከመሮጥ አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይሻላል። በመጀመሪያ እንለካ፤ ቀጥሎ አንዱን ነገር ብቻ ለውጠን እንደ ገና እንለካ፤ ሁለት ነገር በአንድነት ከለወጥን የትኛው እንደ ጠቀመን አናውቅምና። ከሁሉ በላይ ግን እኛ የማይሰማንን ችግር እንግዳ ሰው «አለ» ቢለን አንሣቅበት። ምናልባት እርሱ ያየው እኛ ለምደነው ማየት የተውነውን ሊሆን ይችላል።