ዘፀአት ወደ ትውልድ ከተማ

በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2004 አንድ ሲዲ በአሜሪካ የሙዚቃ መደብሮች ለገበያ ቀረበ። የዘፋኟ ስም በአንድ ቃል ተጽፏል፤ ኡታዳ። የአልበሙም ስም አንድ ቃል ነው፤ «ኤክሶደስ»። በአማርኛ ዘፀአት። ኦሪትን የሚያውቅ አንባቢ ትርጉሙን አይጠይቅም። መውጣት ነው፤ ከባርነት አገር ወጥቶ ወደ ተስፋይቱ ምድር መጓዝ።

ርዕሱን ብቻ አይቶ ታሪኩን መገመት ቀላል ነበር። በአገሯ የነገሠች ጃፓናዊት ውቅያኖስ ተሻግራ፣ በሰው ቋንቋ ዘፍና፣ በዓለም ትልቁ ገበያ ዕድሏን ልትሞክር መጣች። ግን ኡታዳ ሂካሩ የተወለደችው ኒው ዮርክ ከተማ ነው፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 1983። እንግሊዝኛም የሰው ቋንቋ አልነበረም። ከአገር መውጣት የተባለው ጉዞ ወደ ተወለደችበት ከተማ የሚወስድ ነበር።

እናቷ ፉጂ ኬይኮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጃፓንን ሕዝብ በእንካ ዘፈን ልቡን የነካች ድምፃዊት ነበረች። እንካ የመለየት፣ የናፍቆትና የብቸኝነት ዘፈን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ድምፅ ስኬል ስለሚዘፈን ትዝታን ለለመደ ጆሮ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም። አባቷ ቴሩዛኔ የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር ነው። ልጅቱ ያደገችው በኒው ዮርክና በቶኪዮ፣ በስቱዲዮና በስቱዲዮ መካከል ነው። በ1998 መጀመሪያ ላይ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ «ኪዩቢክ ዩ» በሚል ስም የወጣው አልበሟ በእንግሊዝኛ የተዘፈነ ነበር። ያን ጊዜ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በጃፓንኛ ዘፈነች። በማርች 1999 «ፈርስት ላቭ» የተባለው አልበሟ ወጣ፤ ከሰባት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በጃፓን የሙዚቃ ታሪክ እሱን ያህል የተሸጠ አልበም የለም። ዘፋኟ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ጃፓኖች በዚህች ልጅ ውስጥ የሰሙት ምን ነበር? በመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ በ«ኦቶማቲክ» ላይ የጃፓንኛን ቃል ማንም በማይሰብርበት ቦታ ሰብራ፣ ግማሹን በአንዱ ምት፣ ግማሹን በሚቀጥለው ላይ ታስቀምጠዋለች። አረፍተ ነገሩ የጃፓንኛ ነው፤ አካሄዱ ግን የአር ኤንድ ቢ። ሰው የወደደው፣ ምንነቱን ባይነግሩትም፣ በጃፓንኛዋ ውስጥ ያለውን ኒው ዮርክ ነበር። አምስት ዓመት ቆይታ በእንግሊዝኛ ስትመጣ ደግሞ አሜሪካ በእንግሊዝኛዋ ውስጥ ጃፓንን ፈለገች። በሁለቱም ከተማ ሰዎች የሚያዩት ከሌላው ቦታ ያመጣችውን ነበር።

ከእሷ በፊት መንገዱን የሞከሩት ነበሩ። ሳካሞቶ ኪዩ በ1963 በጃፓንኛ ዘፍኖ የአሜሪካን ሰንጠረዥ ለሦስት ሳምንት መርቷል። የዘፈኑ ርዕስ «ቀና ብዬ ልራመድ» እንደ ማለት ነው። ለፈረንጅ አፍ ከበደ ተብሎ ግን «ሱኪያኪ» ተባለ፤ ሱኪያኪ የበሬ ሥጋ ወጥ ነው፤ ከዘፈኑ ጋር ምንም አያገናኘውም። «ፒንክ ሌዲ» የተባሉት ሁለት ወጣቶች በ1979 በእንግሊዝኛ ዘፍነው 37ኛ ደረጃ ደረሱ፤ በዓመቱ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ ቋንቋውን ስለማይችሉ ንግግራቸውን በቃል ያጠኑ ነበር። በ1990 ደግሞ ማትሱዳ ሴይኮ «ሴይኮ» የሚል የእንግሊዝኛ አልበም አወጣች። ኡታዳ የእነዚህ ሁሉ ተከታይ ተደርጋ ተቆጠረች። እሷ ግን ቃል ማጥናት አላስፈለጋትም። ግጥሙን ራሷ ጻፈች፤ አብዛኛውን ዜማ ራሷ ፕሮዲዩስ አደረገች።

አልበሙ የሚከፈተው አንድ ደቂቃ በማይሞላ መግቢያ ነው። የሙዚቃ ነጋዴዎች «ክሮስኦቨር» የሚሉትን መሻገር ታነሣና፣ ፍላጎቷ ከአንድ የሙዚቃ ዓይነት ወደ ሌላው መሻገር እንዳልሆነ ትናገራለች። መሻገር የምትፈልገው በእሷና በሰሚው መካከል ያለውን ነው። አልበሙ መሃል ላይ ይህንኑ ሐሳብ ደግማ ታነሣዋለች። ሁለት ጊዜ መናገር ማስፈለጉ ራሱ የሚነግረው ነገር አለ። የሚመጣውን ጥያቄ ታውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሙዚቃ በአንድ መደርደሪያ የሚቀመጥ አይደለም። ሦስቱን ዜማዎች የሠራው በዚያን ጊዜ የአሜሪካን ሬዲዮ ድምፅ ከለወጡት ሰዎች አንዱ የሆነው ቲምባላንድ ነው። «ክሬምሊን ደስክ» በቀዝቃዛ ኪቦርድ ይጀምርና ኤድጋር አለን ፖን ይጠራል፤ መጨረሻው ላይ የ«ዘ ማርስ ቮልታ» ከበሮ መቺ ጆን ቲዎዶር ቤቱን ያናውጠዋል። «አኒማቶ» ላይ እነኤልቪስን፣ ሌድ ዜፕሊንንና ፍሬዲ መርኩሪን እየጠራች ያደገችበትን ትቆጥራለች። አንድ ሰው ከየት እንደሆነ ሲጠየቅ አገር መጥቀስ የለመደ ነው። እዚህ ግን መልሱ የሰማቻቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ሆነ።

ለማስተዋወቂያ የተመረጠው ዘፈን ግን ሌላ ነበር። «ኢዚ ብሪዚ» ቀለል ያለ፣ ትቷት ስለሚሄድ ወንድ የሚያወራ ዜማ ነው። በውስጡ ዘፋኟ ጃፓናዊነቷን ወደ ቅጽል ስም ቀይራ ቤት የምታስመታበት የቃላት ጨዋታ አለ። ብዙ ሰው አፈረላት፤ ዛሬም ስለ አልበሙ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ያ ስንኝ ነው። ሆኖም ሰው በመልኩ የሚቀለድበት አገር የኖረ ይህን ዓይነት ቀልድ ያውቀዋል። ሌላው ሳይቀድም ራስን መጥራት ነው። ቀልዱ ያምራል ማለት አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ግን ግልጽ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ አጭር ነው። በጃፓን አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ ወጣ። በአሜሪካ የቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ያለው ደረጃው 160ኛ ነበር። «ዴቭል ኢንሳይድ» የዳንስ ክለቦችን ሰንጠረዥ መርቷል፤ ክለብ ውስጥ ማንም ዘፋኙ ከየት ነው ብሎ አይጠይቅም።

ያን ሰሞን ከዚህ የራቀ ያልሆነ ዕጣ የገጠመው ሌላ ሰው ነበር። ቲምባላንድ ከወጣበት የቨርጂኒያ ጠረፍ፣ ቨርጂኒያ ቢች ላይ ያደገ፣ አዲስ አበባ የተወለደ ኬና ዘመድኩን። በ2003 «ኒው ሴክረድ ካው» የሚል አልበም በእንግሊዝኛ አወጣ። ማልኮም ግላድዌል በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» ውስጥ የኬናን ታሪክ ተርኮታል። ሙዚቃ የሚያውቁ ሰዎች ሲሰሙት ይነሣሉ፤ ለሬዲዮ በሚደረገው የአድማጭ መጠይቅ ግን ነጥቡ ዝቅተኛ ሆነ። መጠይቁ የሚመዝነው የታወቀውን ነበር። እንግዳ የሆነ ድምፅና መጥፎ ድምፅ በመጠይቁ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ያገኛሉ።

ኡታዳን በአሜሪካ ያስተዋወቃት ግን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በ2002 ለወጣው «ኪንግደም ሃርትስ» በጃፓንኛ «ሂካሪ»ን፣ በእንግሊዝኛ «ሲምፕል ኤንድ ክሊን»ን ሠርታ ነበር። ዜማው አንድ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን የጃፓንኛው ትርጉም አይደለም። ለየቋንቋው የየራሱን ግጥም ጻፈችለት። ከትምህርት ቤት ተመልሰው ቴሌቪዥን ፊት ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ልጆች ድምፁን የማን ነው ሳይሉ በቃላቸው ያዙት።

በ2009 «ዚስ ኢዝ ዘ ዋን» የሚል ሁለተኛ ሙከራ አደረገች። ከፊተኛው ይልቅ ለሬዲዮ የተመቸ ነበር፤ 69ኛ ደረጃ ደረሰ። በ2010 ከመድረክ ራሷን አገለለች። በ2013 እናቷ ሞተች። በ2016 ስትመለስ «ፋንቶም» በተባለው አልበም እናቷን ያለቀሰችው በጃፓንኛ ነው፤ በእናቷ ቋንቋ።

ከዚያ 2022 መጣ። ኑሮዋ ለንደን ነው። «ባድ ሞድ» የተባለው አልበሟ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ላይ ይዞ ወጣ። አንዱ ዘፈን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ያለ ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ የመጨረሻው ዜማ ወደ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። ለማንም ገበያ የተቆረጠ አይመስልም። በዚያው ዓመት ኮቼላ ላይ «ሲምፕል ኤንድ ክሊን»ን እና «ፈርስት ላቭ»ን በአንድ መድረክ ዘፈነች። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ድምፁን በቃላቸው የያዙት ልጆች በዚያ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል።

በስደት ቤቶች ውስጥ ልጅ አንዱን አረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ወይም በስዊድንኛ ሲጨርስ፣ «ከሁለት አንዱን አስተካክለህ ተናገር» መባሉ የተለመደ ነው። ተግሣጹ ከፍቅር ነው፤ ቋንቋ እንዳይጠፋ ተፈርቶ። ልጁ ግን ሁለት ቋንቋ እያበላሸ ላይሆን ይችላል። ሌላ የሚናገርበት የለውም ይሆናል።

ዘፀአትን የኦሪቱ ታሪክ እንደሚተርከው የወጡት ሁሉ አልደረሱም፤ አርባ ዓመት በመንገድ አለፈ። ኡታዳ በሃያ አንድ ዓመቷ ያንን ርዕስ ስትመርጥ ስለ መድረስ አልተናገረችም። ያ ከአንድ ደቂቃ የማይሞላ መግቢያ ዛሬም እዚያው አለ። ደረጃውን ረስቶ ለሚከፍተው ሰው፣ መሻገር የምትፈልገው የት እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ትነግረዋለች።