የሰማህ ላልሰማህ አሰማ

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን መንዝ ጊሼ አያቶቼ ዘንድ ነበር የምከርመው። በዚያ ጊዜ በአገሩ ስልክ የለም። ሰው ሲሞት አንድ ጎልማሳ አፋፉ ላይ ይቆምና መዳፎቹን ከአፉ ግራና ቀኝ አድርጎ «እገሌ ሆይ!» ብሎ ይጣራል። ከማዶ «አቤት!» እስኪባል ዝም ብሎ ይጠብቃል። መልእክቱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አጭር ነው፣ ሁለት ጊዜ ይደገማል። የማዶው ሰው የሰማውን መልሶ ይለዋል፣ ከሳተ ይታረማል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ለሚቀጥለው ጋራ ይጣራል። ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ማንም ማንንም አያይም። ገደሉን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጀው መርዶ እንጀራው ከምጣዱ ሳይወጣ ይደርስ ነበር።

ካደግሁ በኋላ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች በአደጋ ጊዜ እንዴት እንደሚሠሩ ሳነብ ሣቄ መጣ። አያቴ የሚያውቁትን ነበር የሚያስተምሩኝ! መጀመሪያ የጥሪ ምልክት፣ ቀጥሎ መልስ መጠበቅ፣ ከዚያ አጭር መልእክት፣ ከዚያም ተቀባዩ የሰማውን መልሶ ማንበብ። አንደኛው ጣቢያ ሦስተኛውን መስማት ካልቻለ መካከል ያለው ተቀብሎ ያስተላልፋል። አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይል የነበረው ይህንኑ ነው።

ለማያውቀው ልንገር። አማተር ሬዲዮ ማለት ጋዜጠኛ የሌለበት፣ ዘፈን የማይተላለፍበት፣ ፈቃድ ያለው ግለሰብ ከሌላ ፈቃድ ካለው ግለሰብ ጋር በራሱ መሣሪያ የሚነጋገርበት ነው። ገንዘብ አይገኝበትም። በምስጢር ቋንቋም አይወራበትም፤ የሚባለው ሁሉ በግልጽ ይባላል፣ ያሻው ይሰማዋል። አገራችንም ከዚህ ዓለም ውጭ አይደለችም። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ አለ፤ የጥሪ ምልክቱ ኢቲ 3 ኤኤ ነው። ተማሪዎች ከዚያ ክፍል ሆነው ከጃፓንም ከብራዚልም ጋር ይነጋገራሉ። በዓለም ላይ ያሉ አማተሮች ኢትዮጵያን ለማግኘት እንዴት እንደሚሻሙ ብታዩ ትገረማላችሁ፤ ከእኛ የሚሰማው ድምፅ ጥቂት ስለሆነ ብርቅ ነን። ብርቅነቱ ግን አያኮራኝም።

የአማተር ጥቅሙ የሚታየው አደጋ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ሱናሚው የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ፣ ለጨዋታ ያህል ከዓለም ጋር ሊነጋገሩ ወደ ፖርት ብሌር የሄዱ የሕንድ አማተሮች እዚያው ነበሩ። ስልኩ ሲጠፋ ጨዋታውን ትተው የጠፋ ዘመድ ወሬ ሲያቀብሉ ሰነበቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኔፓል ተራሮች ሲናወጡም ጥቂት አማተሮች ከካትማንዱ ወደ ውጭ ድምፅ አውጥተዋል። ኔፓልን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ተራራና ገደል የለያየው ሕዝብ የእኛው ዓይነት ነው።

መሬት መንቀጥቀጥ የሩቅ አገር ነገር የሚመስለው ካለ አባቶቹን ይጠይቅ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት የካራቆሬ መሬት ሲናወጥ፣ ከመንዝ አፋፍ ሥር ያለችው ማጀቴ ፈርሳለች፤ የደሴ መንገድም ተሰነጣጥቋል። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ በሌሊት ከአልጋ አስነሥቶናል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ስምጥ ሸለቆው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ማንም አይነግረውም፤ እግሩ ሥር ነው።

አሁን ወደ አገሩ አቀማመጥ ልምጣ፤ እኔን የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። የእጅ ሬዲዮ እንደ ዐይን ነው፣ የማያየውን አያገኝም። ከመሐል ሜዳ ሆነው ገደል ውስጥ ያለ ቀበሌን ቢጠሩ ጋራው ይውጠዋል። ዓለም ከተማም ያው ነው፤ ጀማ ሸለቆ ዳር ሆና ታች ያለውን አትሰማም። አጭር ሞገድ የሚባለው ግን ሌላ መንገድ ያውቃል። ሃያ ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል፣ ከመሬት አራት አምስት ሜትር ከፍ አድርገህ ዘርጋ። ድምፁ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከምድር በላይ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ባለው የአየር ንብርብር ተመትቶ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ዝናብ ደግሞ ገደልም አፋፍም አይለይም። የመኪና ባትሪና ባሕር ዛፍ! ከሁለቱ አንዱ እንኳ መንዝ ላይ አይጠፋም።

ስልክ ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ለእኛ ነጋሪ አያሻንም። እናቴ አገር ቤት ታማ፣ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፍቶ፣ አሥራ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እየሄድኩ ከወዲያ የመጣን ሰው ወሬዋን እንዲነግረኝ ስለምን ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ እህል ነጋዴ «ደኅና ናቸው፣ ቅዳሜ ገበያ አይቻቸዋለሁ» አለኝ። ከዚያ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። አምስት ቃል ነው። እነዚያን አምስት ቃላት ለማቀበል ዘጠና ሜትር የስልክ ማማ አያስፈልግም።

«ጸጥታ በጠፋበት በዚህ ጊዜ የእጅ ሬዲዮ ይዞ የሚዞር ሰው በጤና ይመለሳል?» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔም አድርጉት አልልም። ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ አይንካ፤ ፈቃዱም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እጅ ነው። ግን ሥልጠናው የሚጀመረው አደጋ ሲደርስ አይደለም። የቦስተን ማራቶን ሲሮጥ በጎ ፈቃደኛ አማተሮች በሕክምና ድንኳኖቹና በአውቶቡሶቹ አጠገብ ይመደባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍንዳታው ደርሶ የእጅ ስልክ ሲጨናነቅ መነጋገሪያው በእጃቸው ነበር፣ ልምዱም ነበራቸው። እኛም ለልምምድ የሚሆን ቀን አላጣንም። የአርባራ መድኃኔዓለም ንግሥ አለ፤ ሕዝብ ይጎርፋል፣ ሕፃን ይጠፋል፣ አረጋዊ ይደክማል፣ ነፍሰ ጡር ምጥ ይይዛታል። ሁለት ወጣቶች ከቀይ መስቀል ሰዎች ጋር ቆመው «ነጭ ኩታ የለበሰች፣ ዕድሜዋ ስድስት፣ በር ላይ ናት» ቢባባሉ ምን ክፋት አለው?

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራን፦ አንድ ክፍል፣ አንድ መሣሪያና የሽቦ ጥቅል ፈልጉ፤ ለአምስት ኪሎው ማኅበር ደብዳቤ ጻፉ፤ ፈቃዱን በተቋማችሁ ስም ጠይቁ። ባሕር ዛፉን እኔ አቀርባለሁ።