ቁልፉ መርካቶ ነው

ዛሬ ጠዋት እማማን ከገዛ ግቢያቸው ማስወጣት አቅቶን ግማሽ ሰፈር በራቸው ላይ ዋለ። እማማ ማለት አምና ስታብላይዘሩን በጋቢ ሸፍነው «ይበርደዋል» ያሉኝ ናቸው። ልጃቸው ለመስቀል ቡታጅራ ገብቶ፣ በሬ አርዶ፣ ሰው አብልቶ፣ ሰሞኑን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ትናንት ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት መጣ። በሩ ግን አብሮ አልመጣም።

አውቶማቲክ በር ነው። ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ ከላይ እስከ ታች ላሜራ፣ አናቱ ላይ በወርቅ ቀለም የተቀባ ጦር የተደረደረበት። መብራት ሲጠፋ በእጅ እንዲገፋ ዲናሞው ጎን ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚለቀቅ ነገር አለው። ያቺ ቁልፍ ከሌለች አሥር ጎረምሳ ቢሰለፍ አይነቃነቅም፤ ውስጥ ያለው ማርሽ በሩን ይነዳል እንጂ በሩ እሱን ወደ ኋላ ሊያዞረው አይችልም። ሌባ የሚከለክለውም ይኸው ነው። ታዲያ ቁልፏ የት አለች? ልጃቸው ከመኪናው ቁልፍ ጋር አስሯት መርካቶ፣ ሱቁ ውስጥ።

የእግረኛ በርስ? የለም። በያጁ ትንሽ በር ልቁረጥልህ ሲለው «ውበቱን ያበላሽብኛል» ብሎ ከልክሏል። በመሰላል እንግባ አልን፤ አጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ተተክሏል። ስልክ ደወልንለት፤ «አጥሩን እንዳትነኩ፣ ቁልፉን በመኪና ልኬዋለሁ» አለ። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እማማ ውስጥ፣ ቡና አጣጮቻቸው ውጭ። ጀበናው እሳቸው ጋ፣ ወሬው እኛ ጋ። አንዷ ጎረቤት ላሜራው መጋጠሚያ ላይ ዓይኗን ለጥፋ «አቦሉ ደረሰ?» ትላለች። እማማም እንደ መነኩሴ ከውስጥ «ደርሷል፣ ምን ዋጋ አለው» ይላሉ።

እንዲህ ያለ በር መጠገን ሥራዬ ነውና፣ ዝም ብሎ ከመጠበቅ ብዬ ከውጭ ሆኜ ምርመራ ጀመርኩ። «እማማ፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን መክፈቻ ይጫኑልኝና ምን እንደሚሰማ ይንገሩኝ።»

«ያጉረመርማል» አሉ።

«ከዚያስ?»

«ዝም ይላል። ተናዷል መሰለኝ።»

ከዚህ የተሻለ ምርመራ በቴስተር አላገኝም። ዲናሞው ካጉረመረመ መብራት ደርሶታል፣ ፊውዙ አልተቃጠለም፣ ቦርዱም ትእዛዙን ተቀብሎ አስተላልፏል። እንግዲህ የቀረው ወይ በሩን የያዘው ነገር አለ፣ ወይ ዲናሞውን የሚያስነሳው ካፓሲተር ደክሟል። ጭራሽ ዝም ቢል ኖሮ ጥያቄዬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ከቆጣሪው ጀምሬ ፊውዙን፣ የቦርዱን ትራንስፎርመር፣ መብረቅ ወይም ድንገተኛ ኃይል ሲመጣ ቀድሞ የሚቃጠለውን ያን ክብ ነገር እያልኩ እወርዳለሁ። ከፍቶ አልዘጋም ቢል መሃል ላይ የቆመ ነገር ካለ የሚያየውን ሴንሰር አያለሁ። ጫፍ ደርሶ አልቆምም ቢል የማቆሚያው ማግኔት ቦታውን ለቋል ማለት ነው። ከግድግዳው ሲጫን ሠርቶ በሪሞት ከቀረ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሪሞቱ ባትሪ ነው። ወልቂጤ፣ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ አንድ ደንበኛ ሦስት አዳዲስ ሪሞት አስመጥቶ ጠበቀኝ፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ፊት ቤቷን የሠራች ሸረሪት ነበረች። ሪሞቶቹ አሁን ለልጆቹ መጫወቻ ናቸው።

እማማን ብሬከሩን እንዲያጠፉ ነገርኳቸው፤ ማጥፋታቸውን ሁለቴ አስማልኳቸው። ከዚያ ሀዲዱን እንዲያዩልኝ። የክረምቱ ጎርፍ ያመጣው ጠጠር ተቋጥሮበታል፤ በማገዶ እንጨት ጠርገው አወጡት። መብራቱ ተመለሰ፣ ተጫነ። አሁንም ያጉረመርማል። «ካፓሲተሩ ነው» አልኩና ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ያለ ቁልፉ ምንም አልሠራም።

መቀመጤ ነው ያጠፋኝ። መቀመጥ ሐሳብ ያመጣል።

አባቴ አገር፣ በጉራጌዋ እዣ፣ ጀፎረ አለ። ያደጋችሁበት ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ የተወለዳችሁት ደግሞ ለመስቀል ሄዳችሁ ፎቶ ተነስታችሁበታል። ፊት ለፊት በተሰለፉት ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ ሣር። እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ፊቱ የሁሉም ነው። ሠርጉ እዚያ፣ ለቅሶው እዚያ፣ ችቦው እዚያ፣ ፈረሱም እዚያ። አንድ ሰው አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው ቢያስጠጋ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ በቅጫው፣ በባህላዊው ሕግ፣ ይቀጣል፣ አጥሩን መልሶ ይነቅላል። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት በር ተዘግቶ ያየሁት ጅብ የሚወጣበት ሰዓት ብቻ ነው። መንገደኛ ሲያልፍ ከውስጥ «ግባ» ይባላል፤ ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ከገባ በኋላ ነው።

በ1950ዎቹ አባቶቻችን ከሱቃቸውና ከሊስትሮ ሣጥናቸው ገንዘብ አዋጥተው መንገድ አስቆፈሩ። መንግሥት እስኪያስታውሰን አንጠብቅም ብለው። መኪና ወደ አገራቸው እንዲገባ። መኪናውማ ገባ፤ አሁን ገብቶ የሚጠፋው ከላሜራ በር ኋላ ነው። እንዲህ ስል ደግሞ ልጃቸውን እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ። ይህን ግቢ ለእናቱ የሠራው እሱ ነው፣ ስንቱ ለእናቱ ጣሪያ እንኳ ሳይቀይር። እኔ የምናደደው ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ለመስቀል ብቻ በሚከፈት ቤት ወይም አንድ አሮጊት በሚኖሩበት ግቢ ላይ ባንክ የሚጠብቅ በር ሲሰቀል ነው። ከማን ነው የምንጠብቃቸው? ከቡና አጣጮቻቸው?

(አስተያየት ላይ «አንተስ የምትበላው በዚህ በር አይደል» ልትሉ ነው። አዎ፣ እበላለሁ። እየበላሁ እናደዳለሁ።)

ቁልፏ ከቀትር በኋላ በሚኒባስ ደረሰች። ሾፌሩ በፖስታ ታሽጋ ስለተላከች ወርቅ መስሎት ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር ያስቀመጣት። ለእማማ አሳልፌላቸው አስገብተው አዞሯት፣ በሩ በአንድ እጅ ተገፋ፣ ሰፈሩ እልል አለ። እማማ ወጥተው የመጀመሪያ ሥራቸው እኔን መቆጣት ሆነ፤ «ቡናው ቀዘቀዘ።»

ክዳኑን ፈታሁት። ካፓሲተሩ አብጧል። 16 ማይክሮፋራድ ተጽፎበታል፣ ቴስተሬ 6 እንኳ አልሰጠኝም። ለምን እንደደከመ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ይህ መስመር ከትራንስፎርመሩ የመጨረሻው ጫፍ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 160 ይወርዳል። እንዲህ ያለ ዲናሞ ጉልበቱ የሚቀንሰው ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም፤ 160 ላይ የሚቀረው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። በግማሽ ጉልበት ያን ሁሉ ላሜራ ሲጎትት ይሞቃል፣ ካፓሲተሩም አብሮ ይቀቀላል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ህዳሴ ሲመረቅ አብሬያችሁ አልቅሻለሁ። 5150 ሜጋ ዋት ትልቅ ነገር ነው። ግን ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ እማማ በር እስኪደርስ የሰፈሩ ቀጭን ሽቦና የታከተው ትራንስፎርመር መሃል ላይ ቆመዋል። በነገራችን ላይ ያ በጋቢ የተሸፈነው ስታብላይዘር የተገናኘው ከፍሪጁ ጋር ነው፤ በሩን ማንም አላሰበውም።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነበር። ካፓሲተሩን ስቀይር ግን ቦርዱ ላይ አንድ አጭር ቀይ ሽቦ አየሁ። ከሴንሰሩ የሚመጣው መስመር ተነቅሏል፤ ሁለቱ ጫፎች በዚያ ሽቦ ተያይዘዋል። በሩ መሃል ላይ ሰው ይቁም፣ ልጅ ይቁም፣ በግ ይቁም፣ ቦርዱ ሁልጊዜ «መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ ያምናል።

ጠየቅኩ። ሽቦው የገባው የመስቀል ዕለት ነው። እንግዳ ሲገባ ሲወጣ በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ሲከፈትና ሲዘጋ ውሎ ድንገት ቆመ። ባለሙያ ተጠራ፤ ማን እንደሆነ አልጽፍም፣ ራሱን ያውቃል። እሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት አለፈ። ሲነካካው ሠራ። «ሴንሰሩ ነው ያስቸገረው፣ ዘለልኩት» ብሎ ከበሬው ሥጋም ከገንዘቡም ተቀብሎ ሄደ። በዚያ ላይ «ቦርዱም ሊቃጠል ነው፣ አዲስ ይዘዙ» ብሎ ዋጋ ነግሯቸዋል።

ሴንሰሩ ምንም አልነበረበትም። ዲናሞው ጥቅልል ውስጥ ሙቀት ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ አለ። ሰውነቱ እስኪበርድ አይነሳም፤ ሲበርድ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ባለሙያው ያዳነው በራሱ ጊዜ የዳነውን ነው። አንድ እጁን ዲናሞው ላይ ቢያሳርፍ ያቃጥለው ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። «ስንት ጊዜ ተከፈተ ዛሬ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ በቂው ነበር።

ያ ሴንሰር ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጋራዥ በሮች ሕፃናትን እየተጫኑ ከገደሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ሕግ ወጣ፤ ከ1993 ጀምሮ ለቤት የሚሠራ የጋራዥ በር መክፈቻ ሁሉ ከሥሩ ሰው እንዳይጨፈልቅ የሚያደርግ መከላከያ እንዲኖረው ተገደደ። ሕጉ የወጣው በሕፃናት ሞት ነው። እኛ ጋ በአንዲት ሽቦ ይዘለላል፣ ያውም የልጅ ልጅ ሁሉ ግቢ በሞላበት የመስቀል ቀን። እማማ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። በሩ ሲዘጋ መሃል ላይ ቢደርሱስ? ይህን ሳስብ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ብሎኑ ወደቀብኝ፣ በእጅ ባትሪ ስንፈልግ ቆየን።

ሽቦውን ነቅዬ ኪሴ ከትቻለሁ። ሴንሰሩን መለስኩ፤ መሃል ላይ በርጩማ አቁሜ ሞከርኩት፣ በሩ ቆሞ ተመለሰ። ልጃቸው ደውሎ «ስንት ነው?» አለ። የካፓሲተሩን ዋጋ ነገርኩት፣ ቦርድ እንዳይገዛ ነገርኩት፣ ቁልፏ እማማ ቀሚስ ኪስ ውስጥ እንደምትቀር ነገርኩት። አልጠየቅኩትም፣ ነገርኩት። የእግረኛ በሩን ነገ በያጁ ይቆርጣል። ውበቱ ይበላሽ።

የሠራኸው ሰው ይህን ካነበብክ በውስጥ መስመር እንዳትጽፍልኝ። ያንን ሽቦ ያስገባህባቸውን ሌሎች በሮች ዞረህ ንቀል። ደከመኝ፣ ልተኛ።